ድንኳኑ የማን ነው?
መንግሥታት የሕዝብን ልብ ስለሚሻሙበት መንገድ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በባለሱቆች ስም የተደረገ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው ይህን ዕድል ለእኛ ለባለሱቆቹ ሲሰጠን፣ ስለ ዕቃ ዋጋ መናርና ስለ ቤት ኪራይ የምናወራ የመሰለው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም መንግሥታት በሰው አገር የሕዝብን ልብ ለማግኘት እርስ በርስ እንዴት እንደሚሻሙ፣ በሽሚያውም መካከል እንደኛ ያለ ትንሽ ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። የውጭ ጉዳይ ሰዎች ይህን ሥራ «የሕዝብ ለሕዝብ ዲፕሎማሲ» ይሉታል። እኛ ከ12ኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለንም፤ ዲፕሎማቶችም አይደለንም። ይሁን እንጂ ሰው እንዴት ደንበኛ እንደሚደረግ ከባንኮኒ ጀርባ ቆመን የተማርን ሰዎች ነን።

በአገራችን ገበያ አንድ ኪሎ ቡና የገዛ ሰው፣ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ይላል። ሻጭዋም አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ያቺ እፍኝ ምርቃት ትባላለች። ምርቃት ማታለያ አይደለም፤ ገዢው በእርግጥ ቤቱ ይዞት የሚገባው ቡና ነው። ነገር ግን ሻጭዋ የመረቀችው በሚቀጥለው ገበያ ወደ ጎረቤቷ መደብ እንዳይሄድባት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። መንግሥታትም በቋንቋችን ሬዲዮ ሲከፍቱልን፣ ልጆቻችንን በነጻ ሲያስተምሩልን፣ ሆስፒታል ሲሠሩልን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለ እፍኟ ማመስገን ተገቢ ነው። ከጎን ሌላ ሻጭ መኖሩን አለመርሳትም እንዲሁ ተገቢ ነው።

በአየር ላይ የተደረገው ሽሚያ

የምንኖርባት ይህች አገር ሽሚያውን ከብዙዎች ቀድማ አይታዋለች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንግለጽ።

በ1954፣ ኬንያ በማው ማው ትግል ውስጥ በነበረችበት ጊዜ፣ ግብፅ ከካይሮ በስዋሂሊ ቋንቋ ማሰራጨት ጀመረች። መልእክቱ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ የሚያወግዝ ነበር። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ቢቢሲ በ1957 የስዋሂሊ ክፍሉን ከፈተ። በ1961 የፔኪንግ ሬዲዮ፣ በ1962 የአሜሪካ ድምፅ፣ በ1963 የጀርመን ድምፅ ተከተሉ። ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ ማንም ሰላም ብሎት የማያውቀውን የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬ፣ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የአምስት አገሮች ጣቢያዎች በገዛ ቋንቋው «እንደምን አመሸህ» ይሉት ጀመር።

ወደ አማርኛችን ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት የተጀመረው በ1965 ነው። ያን ጊዜ ጀርመን ሁለት ነበረች፤ ምዕራብም ምሥራቅም፣ አፍሪካውያን እውነተኛዋ ጀርመን እሷ መሆኗን እንዲያምኑላት ትፈልግ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል የተከፈተው በ1982 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደርግ የሶቪየት ኅብረት የቅርብ ወዳጅ ነበር። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች በራችንን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ጆሯችንን ከሬዲዮው ጋር አጣብቀን ያዳመጥነው ያኔ ነው። ናይሮቢ ከመጣን በኋላም በሱቆቻችን ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሒሳብ ይቆም ነበር። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ዜናው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስኳሩን ረስቶ የሚሄድም ነበር።

ሬዲዮ ሲሰማ የሚፈራ መንግሥትም አለ። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት እንዲታፈን ለማዘዝ ዝግጁ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። ሰው ከሰው አገር የሚመጣን ድምፅ ለማፈን ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ፣ ድምፁን ለመላክ ገንዘብ የሚያወጣውም ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚያስ ምን ሆነ? በ2017 ቢቢሲ ከእንግሊዝ መንግሥት በተሰጠው ተጨማሪ በጀት አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ጀመረ። በማርች 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በወሰደው እርምጃ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሥራ እንዲገለሉ ተደረገና የለመድነው የ3 ሰዓት ድምፅ ድንገት ጸጥ አለ። ከ40 ዓመት በላይ የቤታችን ሰው የነበረ ድምፅ ነው። ጠቅሞናል፤ መንግሥታችን የደበቀንን ወሬ ነግሮናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሲከፈት ለእኛ ሲባል ብቻ አልተከፈተም፤ ሲዘጋም እኛን የጠየቀን የለም።

አውሮፕላኑና ሆስፒታሉ

ከአየሩ ወደ መሬት እንውረድ። ኬንያ ነጻ ልትወጣ ስትቃረብ የተማረ ሰው በብርቱ ያስፈልጋት ነበር። ቶም ምቦያ ወጣቶችን ወደ አሜሪካ ለመላክ ተነሣ። በሴፕቴምበር 1959 የመጀመሪያዎቹ 81 ተማሪዎች ከናይሮቢ በአውሮፕላን ተሳፈሩ። በተከታዩ ዓመት ግን የጉዞው ገንዘብ አጠረ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲረዳ ተጠይቆ አልፈቀደም። ምቦያ በጁላይ 1960 ሄዶ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረውን ጆን ኬኔዲን አነጋገረ፤ የኬኔዲ ቤተሰብ ድርጅትም 100,000 ዶላር ለመስጠት ተስማማ። ይህ እንደተሰማ በተፎካካሪው በሪቻርድ ኒክሰን ወገን ግፊት ያው እምቢ ያለው መሥሪያ ቤት 100,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ! ትናንት የጠፋ ገንዘብ ተፎካካሪ ሲመጣ ተገኘ ማለት ነው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያው በ1960 ከሄዱት ተማሪዎች አንዷ ዋንጋሪ ማታይ ነበረች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው። ምርቃቱ ለማን ጠቀመ ቢባል ለኬንያ ጠቀመ እንላለን።

በሌላው ወገን ኦጊንጋ ኦዲንጋ ተማሪዎችን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ይልክ ነበር። ሞስኮም በ1960 ለእስያ፣ ለአፍሪካና ለላቲን አሜሪካ ወጣቶች አዲስ ዩኒቨርሲቲ ከፍታ በኋላ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም ጠራችው። እዚሁ ናይሮቢ በ1964 መጨረሻ በምሥራቁ ጎራ ድጋፍ የሉሙምባ ተቋም ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን በተከታዩ ዓመት መንግሥት ዘጋው።

ኪሱሙ የሄደ ሰው ደግሞ ማታቱ ውስጥ «ራሺያ!» ሲባል ይሰማል። ረዳቱ ስለ ሞስኮ መናገሩ አይደለም። ሶቪየቶች የሠሩትን ትልቁን ሆስፒታል ማለቱ ነው። ሆስፒታሉን በኦክቶበር 1969 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ሊመርቁ ሲሄዱ ከኦዲንጋ ደጋፊዎች ጋር ግጭት ተነሣ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ኦዲንጋም ታሰረ። ዛሬ ሆስፒታሉ ራሱ በጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ስም ይጠራል። እስቲ ይህን አስቡት፤ ሶቪየት ኅብረት የምትባል አገር ከፈረሰች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ኬንያታም ኦዲንጋም አልፈዋል፤ በዚያ ሆስፒታል ግን እናቶች ዛሬም ይወልዳሉ። ንግግሩ ጠፍቶ አልጋው ቀረ። ግን ደግሞ በምርቃቱ ቀን የሞቱት ሰዎች የሽሚያው ዕዳ ከፋዮች መሆናቸውን አንርሳ።

በአገራችን

እኛም አገር ቤት ያደግነው በዚሁ መካከል ነው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የገቡት በ1896፣ ከአድዋ ድል በኋላ ቁስለኛ ለማከም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ተፈቀደላቸው፤ በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። አሜሪካኖች በበኩላቸው በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን አማካይነት የአለማያ እርሻ ኮሌጅን አቋቁመው ነበር፤ በ1962 ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ታላላቅ ወንድሞቻችን እንግሊዝኛና ሒሳብ የተማሩት ከእነርሱ ነው።

በኤፕሪል 1977 ደርግ የአሜሪካን የማስታወቂያ ቢሮና ሌሎች መሥሪያ ቤቶቿን በጥቂት ቀን ገደብ አስዘጋ። ሻጩ ተለወጠ፤ ምርቃቱ ግን ቀጠለ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ኩባ ተወስደው በወጣቶች ደሴት ተማሩ። እኛ ተማሪ ሳለን በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት መጻሕፍት ከሞስኮ የመጡ ነበሩ። ሆኖም አለማያም ባሕር ዳርም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ልጆቻችንን ያስተምራሉ። አንዱን አሜሪካ፣ ሌላውን ሩሲያ ብሎ የሚጠራቸው የለም።

ኢትዮጵያ ተቀባይ ብቻ እንዳልነበረችም ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል። በ1958 አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ንጉሠ ነገሥቱ ለ200 አፍሪካውያን ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተዋል። አዲስ አበባ ተምረው ከተመለሱት ኬንያውያን አንዱ ሮበርት ኡኮ ነው፤ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው። እዚህ ከተማ መካከል ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ሲባል የምንሰማው ዝም ብሎ የወጣ ስም አይደለም። ያም ምርቃት ነበር፤ ጥሩ ምርቃት ነበር።

በዛሬ ዘመን

አሁን መደቡን በሰፊው የዘረጋችው ቻይና ናት። በአፍሪካ የመጀመሪያው የኮንፊሽየስ ተቋም የተከፈተው በ2005 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2006 የቻይና ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በ91.9 ኤፍ ኤም ናይሮቢ ላይ መሰማት ጀመረ፤ ከቻይና ውጭ የመጀመሪያው የኤፍ ኤም ጣቢያው ነበር። በ2012 የቻይና ቴሌቪዥን የአፍሪካ ማዕከሉን ከዚሁ ከናይሮቢ ሥራ አስጀመረ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ አዲስ አበባ ላይ በ200 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀ። በ2018 ሌ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ከሕንፃው ኮምፒዩተሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር ጻፈ። ቻይና አስተባበለች፤ የኅብረቱ ሹማምንትም አልተቀበሉትም። እኛ ፈራጆች አይደለንም። ይሁንና ቤቱን በነጻ የሠራልህ ሰው ትርፍ ቁልፍ ይኖረው ይሆን ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይባልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካን የዓባይ ጉዳይ ነው። ግድቡ በኤፕሪል 2011 ሲጀመር፣ ከግብፅ አብዮት በኋላ የመጣ የሕዝብ ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ በደስታ ተስተናገደ፤ መንግሥታችንም ግብፃውያን አዲስ መንግሥት እስኪመርጡ የናይልን ስምምነት ከማጽደቅ እንደሚቆይ ቃል ሰጠ። በጁን 2013 ደግሞ የግብፅ ፖለቲከኞች ከፕሬዚዳንታቸው ጋር ተቀምጠው ግድቡን ስለማደናቀፍ ሲመክሩ ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፍ እንደነበር ብዙዎቹ አላወቁም ነበር። ልዑኩ የገነባውን አንድ ቀን አፈረሰው። በዲሴምበር 2014 በአፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የተመራ የኢትዮጵያ ልዑክ ካይሮ ሄደ፤ እንደገና መተቃቀፍ፣ እንደገና ፎቶግራፍ።

ኬንያም በመካከል ትፈለጋለች። የናይል ተፋሰስ ስምምነትን በ2010 ፈርማለች፤ ስምምነቱ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ሲውል ግን ገና አላጸደቀችውም ነበር። ግብፅ በዚህ አገር ደረቅ ቦታዎች የውኃ ጉድጓድ አስቆፍራለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ መስመር ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ 200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለኬንያ መሸጥ ጀመረች። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ እዚያው ተገኝተዋል። ስለ ዓባይ የሚጠይቁን ኬንያውያን ደንበኞቻችንን በክርክር ከምናደክማቸው፣ የሱቁን አምፖል ብናሳያቸው ይበቃ ይመስለናል። በጉድጓዱ ውኃ የሚጠጣውም ሰው የራሱ ምስክርነት አለው፤ እሱንም አንነፍገውም።

ድንኳኑ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በዚህ ከተማ የስልክና የለስላሳ ኩባንያዎች የሱቅ ግድግዳ በነጻ እንደሚቀቡ ታውቃላችሁ። አንዱ መጥቶ በቀለሙ ይቀባል፤ ሌላው መጥቶ በላዩ ይቀባል። ቀለሙ ነጻ ነው፤ ሱቁም ያምራል። በሦስተኛው ወር ግን ሰዎች ሱቁን በባለቤቱ ስም መጥራት ትተው በኩባንያው ስም ይጠሩታል።

በማኅበራችንም ይህ ደርሷል። ከ2020 እስከ 2022 አገራችን በጦርነት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ፣ ስሙን የማንጠራው አንድ ወገን ትልቅ ድንኳንና ወንበሮች ሰጠን። ድንኳኑ ጥሩ ነበር፤ ዝናብ አያስገባም። ሲመጣ ግን በአራቱም ጎኑ የሰጪው ስምና መፈክር በትልቁ ተጽፎበት ተገኘ። በዚያው ሳምንት ለአንዲት እህታችን የእናቷ መርዶ መጣ። ድንኳኑ ተተከለ። ማታ ሊያለቅሱ ከመጡት መካከል የተወሰኑት በር ላይ ደርሰው ጽሑፉን አነበቡና ቆሙ። በጦርነቱ ቤተሰብ ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። ዝናብ ይጥል ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አለቀሱ። ሐዘንተኛዋም ከድንኳኑ ወጥታ ሄዳ በዝናብ ውስጥ አቀፈቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቻችን ድንኳኑን አስነቅለው ሸራውን ገልብጠው አስተከሉት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ፣ ባዶው ወደ ውጭ ሆነ፤ በውስጥ በኩልም ነጠላ ተዘረጋበት። በዚያን ቀን ሁሉም ገቡ። ሰጪዎቹ ቅር አላቸው፤ ድንኳኑን መልሱ አሉ፤ አመስግነን መለስን። ከዚያም አንዱ 200፣ አንዱ 1,000 ሽልንግ እያዋጣ የራሳችንን ገዛን። ዛሬ ከበላያችን ያለው እሱ ነው። ከሱ ያንሳል፤ በአንድ ጥግ በኩል ትንሽ ያፈሳል፤ ምንም አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማኅበሩ የሚመጣ ስጦታ፣ ከአገራችን ኤምባሲም ይሁን ከሌላ መንግሥት ወይም ከተቃዋሚ ወገን፣ ሰጪው፣ መጠኑና የተጠየቀው ነገር በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ።

ሁለተኛ፣ ለልጆቻችን የሚመጣ የትምህርት ዕድል በማስታወቂያ ሰሌዳ ለሁሉም ይለጠፍ፤ የማን ልጅ ምን ይደግፋል ተብሎ በጓዳ ስም ዝርዝር አይያዝ።

ሦስተኛ፣ ድንኳናችን፣ የልቅሶ ወንበራችንና የልጆቻችን ካናቴራ የማንም ማስታወቂያ አይሁኑ። ወዳጅነት እንቀበላለን፤ ጽሑፍ አንሸከምም።

«ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ስንል የትኛውንም መንግሥት ጠላት ማድረጋችን አይደለም። ዛሬ እዚህ ያላችሁ የኤምባሲ እንግዶቻችንም ክፉ እንደማትሉን እናምናለን፤ የሚለምን ሳይሆን የሚያከብራችሁ ማኅበር ቢኖራችሁ ለእናንተም ይሻላል። መንግሥታት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሰው አገር ስንሞት አፈር የሚያለብሰን ግን ጎረቤታችን ነው። ያ ጎረቤት በር ላይ ደርሶ እንዳይመለስ አደራ እንላለን።

ፈጣሪ ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን። አገራችንን ኢትዮጵያን፣ ያስጠለለችንን ኬንያንም ሰላም ያድርግልን።